ከአፋፉ ወደ ግርጌው፦ የሸዋና የወሎ አውራ ጎዳና ጉዞና ታሪክ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተወደዳችሁ አድማጮቼ፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ አማራ ክልል ከገባ በኋላ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን እያቋረጠ ወልድያና ቆቦ ስለሚደርሰው አውራ ጎዳና ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ በቆቦ አያበቃም፤ ወደ መቀሌና ወደ አዲግራት ይቀጥላል፣ ቀድሞም እስከ አስመራ ሲደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እኔ ግን ንግግሬን በሸዋና በወሎ ክፍሉ ላይ እወስነዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ መንገድ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጣሊያን የሠራው ነው» ይባላል፣ ወሬውም በዚያው ያልቃል። ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም እመለስበታለሁ። ነገር ግን መንገዱ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ ከዚያ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ እንደማየው ይህ አውራ ጎዳና የሸዋንና የወሎን ሕይወት ከተራራው አፋፍ አንሥቶ ወደ ተራራው ግርጌ አውርዶታል። ገበያው፣ ከተማው፣ ጭነቱ፣ በክፉ ዘመን ደግሞ የተራበው ሰውና የጦር ሠራዊቱ ሁሉ ከደጋው ራስ ወደ ቆላው ጠርዝ ወርደዋል።

ይህ እንዲታየን አስቀድመን የድሮውን መንገድ ማስታወስ አለብን። መኪና ከመምጣቱ በፊት ከሸዋ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ወታደር፣ በተቻለው መጠን ከደጋው አይወርድም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆላው የንዳድ አገር ነው፤ በክረምት ከአፋፉ እየተምዘገዘገ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ወንዙን የማይሻገሩት ያደርገዋል፤ ለበቅሎውና ለፈረሱም ሣሩ ያለው በደጋው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ በክተት ዐዋጃቸው «እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ወረኢሉ ከፍ ያለ ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ከሸዋ ለሚወጣውና ከወሎ ለሚመጣው ሠራዊት የምትመች መገናኛ ነበረች። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውራ ጎዳናው የሚጓዝ ሰው ወረኢሉን ሳያያት ያልፋል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበርም እንዲሁ ናት፤ መንገዱ በደብረ ብርሃን በኩል ሲያልፍ እሷን ወደ ምሥራቅ ትቷት ሄደ።

አያቴ የወረኢሉ ደጋ ተወላጅ ነበሩ። ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለመሄድ ሲነሡ የከተማውን ስም አይጠሩም፤ «መንገድ ልወርድ ነው» ይሉ ነበር። በእሳቸው አነጋገር «መንገድ» ማለት አስፋልቱ ነው፣ አስፋልቱም ያለው ታች ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ እንደ ተራ ንግግር አልፈው ነበር፤ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ ግን በዚያች አንዲት ግስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

መንገዱ ለምን በዚያ በኩል ሄደ? መልሱ ያለው በምድሩ አቀማመጥ ነው። የሸዋና የወሎ ደጋ በምሥራቅ በኩል እንደ ግንብ ቁልቁል ተቆርጦ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይወርዳል፤ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ቁልቁለቱ አንድ ወጥ አይደለም። ምድሩ ሲሰምጥ በገደሉ ግርጌ፣ አፋር ሜዳ ከመደረሱ በፊት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩ ጠባብና ረባዳ ሜዳዎች ተፈጥረዋል። የሮቢት ሜዳ አንዱ ነው፤ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ሌላው ነው፤ ወደ ሰሜን ሲኬድም የቆቦ ሜዳ አለ። የመኪና መንገድ የሚቀይስ ሰው እነዚህን ሜዳዎች እንደ ደረጃ እየረገጠ መሄድ ይችላል። በደጋው ራስ ላይ ልሂድ ቢል ግን የዐባይና የጀማ ገባሮች የቦረቦሩት ገደል በየጥቂቱ ይቆርጠዋል። እግረኛና በቅሎ ያንን ገደል ወርደው ይወጡታል፤ የጭነት መኪና ግን አይችልም። እናም መንገዱ ከሸዋ ደጋ አንድ ጊዜ በጣርማ በር ቁልቁል ከወረደ በኋላ ሜዳ ለሜዳ ይጓዛል፣ በሐረጎ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ከሐይቅና ከውጫሌ በኋላ እንደገና ይወርዳል።

ከጠላት ወረራ በፊት በበጋ ብቻ መኪና የሚያስኬድ ጥርጊያ መንገድ እስከ ደሴ ደርሶ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ግንባር ለመዝመት ደሴ የገቡት በዚሁ ነው፤ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡም እዚያው ነበሩ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የሆነው በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዝ ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1,700 ያህል መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ፤ ፋሽስቶቹ ይህን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። ሆኖም የበልጉ ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶት ነበር፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ አርበኞች የመንገዱን አካል ንደው ጠበቁት። በዓለም ፊት የታወጀው የሞተር ሰልፍ በዚያ አቀበት ላይ ቆመ፤ ወታደሩ ድንጋይ ተሸክሞ መንገዱን መልሶ እስኪገነባ፣ መኪናውንም ከጭቃው እየጎተተ እስኪያወጣ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። በእግር የሚጓዘው የጠላት ጦር ክፍልም ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲል ጫጫ ላይ ኃይለ ማርያም ማሞና ተከታዮቻቸው አደጋ ጥለው ብዙ ሰው ገደሉበት። ጠላት ዋና ከተማዪቱን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

እኔ ይህን ሳነብ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ጣሊያኖች ኋላ በዚህ መንገድ ላይ ያን ያህል ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሱት ለእኛ ልማት አስበው እንዳልሆነ ከጣርማ በር ጭቃ በላይ የሚመሰክር የለም። መንገድ የሌለው ገዥ አገሩን መያዝ እንደማይችል በዚያ አቀበት ላይ በገዛ እጃቸው ተማሩ። ስለዚህ አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መስመር በአስቸኳይ ጀመሩት፤ ገደሉን በመደገፊያ ግንብ አጠሩ፣ ወንዞቹን በድንጋይ ድልድይ አሻገሩ፣ በጣርማ በርም ተራራውን ፈልፍለው 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ አወጡ። በዚያ ሥራ ላይ ከጣሊያን የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ አፈሩን የዛቀው፣ ጠጠሩን የቀጠቀጠው ግን በብዛት የአገሩ ሰው ነው። «ጣሊያን ሠራው» የሚለው አባባል እነዚህን ሰዎች ከታሪኩ ስለሚያወጣቸው አልወደውም። የመሐንዲሱ ፕላን የጣሊያን ነው፤ ግንቡን አንድ በአንድ የደረደረው እጅ ግን የሸዋና የወሎ ገበሬ እጅ ነው።

የዚያ ዘመን አሻራ በድንጋዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በቋንቋችንም ላይ ቀርቷል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን የምንላቸው ቃላት የመኪናውን መንገድ ተከትለው ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። ዛሬ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ያለ ወጣት መካኒክ እነዚህን ቃላት ሲጠራ የውጭ ቃል የሚጠራ አይመስለውም፤ በእውነትም የእኛ ሆነዋል።

ጠላት በሠራው መንገድ ብዙ አልተጠቀመበትም። በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ገሥግሦ ኮምቦልቻ ላይ ተዋጋ፤ ደሴንም ሚያዝያ 18 ቀን ያዘ። ባዶሊዮ በትዕቢት ከደሴ ከተነሣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ወርና በዚያው ቀን መሆኑ ነው።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ዓመታት ለመንገዱ መልካም አልነበሩም። የሚጠግነው አካል፣ የሚጠገንበት ገንዘብና መሣሪያ ስላልነበረ አስፋልቱ ተቦረቦረ፣ ቱቦዎቹ ተደፈኑ፣ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ቦታ ይቆረጥ ነበር። መንግሥት መስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ሥራውን የመሩት ከአሜሪካ የመንግሥት መንገዶች መሥሪያ ቤት የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ። ልብ በሉ፤ የተቋሙ ዋና ሥራ አዲስ መንገድ ማውጣት ሳይሆን ያለውን ከመጥፋት ማዳን ነበር። «አውራ ጎዳና» የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ የመንገዱም የመሥሪያ ቤቱም መጠሪያ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ከእኔ ጋር በመንገዱ ላይ እንድትወርዱ እጋብዛችኋለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ ጣርማ በር ያለው ሜዳማ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ በግና ብርድ ነው። ስለሱ ብዙ አልናገርም። ጣርማ በር ሲደረስ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ላይ ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንጓዝ የተሳፈርንበት አውቶቡስ በዋሻው መግቢያ ላይ ተበላሽቶብን ሌሊቱን እዚያው አድረናል። ነሐሴ ነበር። ጉሙ ከቆላው እየተነሣ በዋሻው አፍ ይገባል፣ በወዲያኛውም ይወጣል፤ የረዳቱ ባትሪ ሦስት እርምጃ እንኳ አያሳይም። የጭነት መኪና ሲመጣ መብራቱ ከመታየቱ በፊት የሞተሩ ድምፅ በዋሻው ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰማናል። አንዲት እናት ሕፃኗን በጋቢዋ ጠቅልላ እስኪነጋ ድረስ ቆማ ስታወዛውዘው አስታውሳለሁ። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ከእግራችን ሥር የተከፈተውን ገደል፣ ከታችም እንደ ክር የሚጠማዘዘውን መንገድ አየነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ አፋፍ ላይ እንደነበርን የገባን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ደብረ ሲና ነው፤ ቆሎ ሻጮቹ በመስኮት በኩል በስፍር ያቀብላሉ። ከደብረ ሲና በኋላ ልብስ ማውለቅ ይጀመራል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አጭር ርቀት መንገዱ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚወርድ፣ ከገብስ አገር ተነሥቶ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ ሳይሞላ የማንጎና የፓፓያ አገር ይገባል። ሹፌሩ ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወርደውም፤ ማርሹን አክብዶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑ ከጋለ ማቆሚያ የለውምና።

ይህ ገደል ዛሬም ይንቀሳቀሳል። ተራራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በድርድር የተነባበረበት ነው፤ በድንጋዩ መካከል የበሰበሰ ልል ንብርብር ስላለ፣ ክረምት ውሃ ሲጠግብ የላይኛው ይንሸራተታል። መስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን በሚባለው ቀበሌ የወረደው ናዳ የብዙ ገበሬዎችን ቤትና ማሳ ወስዷል። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የካራቆሬ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ የማጀቴ ከተማ ፈራርሳ፣ አውራ ጎዳናው ተሰነጣጥቆና ድንጋይ ተንዶበት ነበር። በምድር መሰንጠቂያ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ መንገድ ስለሆነ፣ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም። የግንቡ ጥንካሬ የሚጠበቀው ውሃው ከኋላው እንዳይጠራቀም ነው፤ ውሃው የሚወጣውም በቱቦው ነው። ደለል የሞላው አንድ ቱቦ አንድ ሙሉ የመንገድ ክፍል ይዞ ሊወርድ ይችላል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቱቦ የሚጠርጉትን ሰዎች ሳይ ከልቤ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴና ሐርቡ ይከተላሉ። መንገዱ ሕይወትን ወደ ግርጌው አወረደው ያልሁት በዚህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ይታያል። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይውላል፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ከብቱን ይዞ ይወጣል፣ አማራው ከደጋ እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከመካከል ይመጣሉ። ገበያው ራሱ ከአስፋልቱ የቆየ ነው፤ ደጋና ቆላ ሲገበያዩ የኖሩበት ቦታ ነውና። መንገዱ ግን በዚያ ላይ የአዲስ አበባንና የደሴን ነጋዴ ጨመረበት፤ የጭነት መኪና ማቆሚያው፣ ሆቴሉ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ወፍጮው ሁሉ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ቀድሞ መንገደኛ በንዳድ ፍርሃት በጥድፊያ ያልፈው የነበረው ሜዳ የከተሞች መደዳ ሆነ። የከተሞቹ ቅርጽ ራሱ ይናገራል፤ አንድ ረጅም ጎዳና ብቻ፣ ከኋላው ማሳ ነው።

በዚህ ክፍል የደረሰውንም መከራ ሳልናገር አላልፍም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በእሳት ወድማለች፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ወራትም ጦርነቱ ይህንኑ አስፋልት ተከትሎ ከወልድያ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል እስከ ደብረ ሲና አጠገብ ወርዷል። ሕዝቡም የሸሸው በዚሁ መንገድ ነው። እህል የሚያመጣው መንገድ ጦርም ያመጣል፤ በግርጌው መኖር ይህንንም ይጨምራል።

ኮምቦልቻ የመገናኛ ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ያደርስ ነበር፤ የባቲ ገበያ ሰኞ የሚውልበት፣ የአፋር ግመል የሚታይበት መንገድ ነው። ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ነዳጅና ሸቀጥ ከአሰብ ወደብ የሚገባው በዚህ ነበር፤ ኮምቦልቻ የተሳቢዎች ማደሪያ፣ የመጋዘንና የፋብሪካ ከተማ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከተማዋ ያንን ድንጋጤ ችላ መነሣቷን ላያት ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ነገር ግን የሐረጎ ጥምዝ በመካከል አለ። መኪናው እየተጠማዘዘ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ ጦሳ ተራራ ከፊት ይቆማል። አያቴ በ1966 ዓ.ም. ያዩትን ሲናገሩ የሚጠቅሱት ይህንን ክፍል ነበር። ያን ጊዜ የተራበው የወሎ ገበሬ ከየገጠሩ ተነሥቶ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ ከደሴ እስከ ወልድያና ቆቦ በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስና መኪና እህል ይለምን ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሊሸፍነው የፈለገውን ረሃብ መንገደኛው በዓይኑ አየው፤ ወሬውንም ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ የእርዳታው እህል በአሰብ ገብቶ ወደ ወሎ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። በሁለቱም ዘመን ብዙ ሰው ያለቀው ግን ከአስፋልቱ ርቆ፣ ወደ ላይ፣ ታሞና ደክሞ ለመውረድ ባልቻለበት ነው።

ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በዚህ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነበር። ያ ውል ያመጣው ጣጣ በመጨረሻ የአስፋልት መንገድ ሆኖ በውጫሌ ደጅ ማለፉን ሳስበው፣ የታሪክ ሰዎች ይህን ቦታ ቆም ብለው እንዲያዩት እመኛለሁ። ከዚያ በውርጌሳና በመርሳ በኩል፣ በፍራፍሬ ማሳዎች መካከል፣ ወልድያ ይደረሳል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ በድልብ አቀበት ወጥቶ ወረታ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናዎች የተሠራ ነው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ከግርጌው ወደ ደጋው መልሶ የወጣ መንገድ በመሆኑ ለእኔ የተለየ ትርጉም አለው፤ ለጋሸናና ለደብረ ታቦር የደጋ ሕዝብ በር የከፈተ እሱ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በመላ አገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ አውራ ጎዳና እንደገና ተጠግኗል፣ ሰፍቷል። ከሱ ግራና ቀኝ ወደ ደጋ የሚወጡ የጠጠር መንገዶችም ተጨምረዋል፤ አንኮበርና ወረኢሉም መኪና ይደርሳቸዋል። አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ከደጃፋቸው አጠገብ ሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ ሄደዋል። እንደ ልማዳቸው ግን «መንገድ ወርጄ መጣሁ» ነበር ያሉት።

ከወልድያ ወደ ሰሜን አላ ውሃን ከተሻገርን በኋላ ጎብዬና ሌላዪቱ ሮቢት አልፈው የቆቦ ሜዳ ይከፈታል። ማሽላና ጤፍ ነው፤ ከምዕራብ የደጋው ግንብ፣ ከምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆመው በመካከል መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሜዳው ጫፍ በዋጃ አድርጎ አላማጣ ይገባል፤ ከአላማጣ በላይ ደግሞ የግራካሱ ጥምዝ ወደ ኮረም ደጋ ይወጣል። ከጣርማ በር ጀምረን የወረድናቸው ሜዳዎች የመጨረሻው ይህ ነው፤ የእኔም ንግግር እስከዚህ ነው።